የሰመጠው ሐዲድና የመኪናዬ ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል

ሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ነኝ። ሻይ ከፔርሙስ፣ ቴምር፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ። የሌሊት ወፎቹ ከላይ ተሰቅለው ተኝተዋል። ሰላም አልኳቸው፤ አልመለሱም። ያኮረፈች ልጄን መሰሉኝ።

ደብተር ሆይ፣ ሐኪሙ ይራመዱ፣ ይጻፉም፣ ለማስታወስ ይጠቅማል አለኝ። መራመዱን ለሐይቁ ስል ወደድኩት። መጻፉን ደግሞ አንተ አፍ ስለሌለህ። በቤታችን የማይቆጣኝ አንተ ብቻ ነህ።

መንገዱን ስለማታውቀው ላስረዳህ። ከቦልደር ሲቲ (ከዛሬ ጀምሮ ቦ.ሲ.፤ እጄ ያመኛል) ተነስቶ በሐይቁ ዳር ዳር እስከ ግድቡ የሚሄድ ባቡር ነበር። ግድቡን ሊሠሩ ነው ያነጠፉት። ብረቱን ጎተተ፣ ሲሚንቶውን ጎተተ። ግድቡ ቆመ። በኋላ ሥራህን ጨርሰሃል ተባለና ሐዲዱ ተነቅሎ ለቆራሌ ተሸጠ። ዕድሜው ከኔ ዕድሜ አይደርስም። ዋሻዎቹና ሜዳው ቀሩ። አሁን ሰው ውሻውን ያናፍስበታል።

ከኮምቦልቻ አሰብ ተሳቢ ስጎትት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዳገትን በወገቤ ነው የማውቀው። እዚህ ግን ወገቤ ምንም አይለኝም። ባቡር እንደ እርጉዝ ሴት ነው፣ ዳገት አይወድም፤ ተለሳልሶለት ነው የተሠራው።

የኔ ጉዳይ ግን ከታች ነው። ዋሻው ጋ የተለጠፈው አሮጌ ካርታ ላይ ሐዲዱ አንድ ቦታ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ግድቡ አናት። ሌላው ቁልቁል ወደ ወንዙ። ግድቡ ሲዘጋ ውሃው መጣና የታችኛውን ዋጠው፤ በቃ፣ ስሙንም የሚያነሳው የለም። አሁን ሐይቁ እየሸሸ ነው። ድንጋዩ ላይ የሳሙና ውሃ ዳርቻ የመሰለ ነጭ ቀለበት ትቶ ቁልቁል ወርዷል። ታዲያ የሸሸ ሐይቅ የዋጠውን ይዞ ይሸሻል?

በአቅርቦ ማያ መነጽር አየሁ። ነጩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ውሃ ቀጥ ያለ ነገር አይሠራም። ሰው ነው የሚሠራው።

ቅዳሜ እወርዳለሁ።

(ሽንት ቤት በቦ.ሲ. ገባሁ። በዚህ አገር ለሽንት ስትሄድ በቁማር ማሽን መሀል የማታልፍበት ከተማ ይህ ብቻ ይመስለኛል። ቁማር ክልክል ነው። ለጓደኛዬ ለሐጂ ሰይድ ስነግረው ማሻአላህ ብሎ ቤት ሊከራይ አሰበ። ኪራዩን ሲሰማ የምንኖርበት ስፕሪንግ ቫሊም አላህ አለ አለ።)


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከምሳ በኋላ

ተያዝኩ። ልጄ ዘይነባ የመኪናዬን የኋላ መከላከያ አየች። ጭረት አለው።

የቆሻሻ ቢኑ ነው የመጣብኝ አልኳት። ቢን እግር የለውም አባዬ አለች። ጎማ አለው አልኳት። ልትስቅ አፏ ተከፈተ፤ ቶሎ ዘጋችና ተናደደች።

ዘይነባ ስትወደኝ አንተ ትለኛለች፣ ስትቆጣ አንቱ። ዛሬ ከቁርስ እስከ ሥራ መግቢያዋ ድረስ አንቱ ሆኜ ቆየሁ። የዓለምን ክብር ሁሉ አገኘሁ።

ክሷ ረጅም ነው። በረሃ። ብቻዬን። ስልክ የማይሠራበት ዋሻ። ሰባ ስምንት ዓመት። እሷ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት አለቃ ናት። ሥራ ላይ ሆና ስልኩ ኪሷ ውስጥ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስለኔ ሊነግሯት ይመስላታል።  ይህን ስትናገር ጫማዋን እያሰረች ነበር፣ ቀና አላለችም። ለሌላው ሁሉ መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን ዘፈን ያዝኩ።

ወጥታ ተመልሳ በሩ ላይ፦ አባዬ ብዙ ሠርተዋል፣ አሁን ይረፉ። ቁልፉን ይስጡኝ።

ባቡሩንም እንዲሁ ነው ያሉት አልኳት። አልገባትም።

ደብተር፣ አንተ ፍረድ። እዚህ ስፕሪንግ ቫሊ ዳቦ ለመግዛት መኪና ነው። መስጊድ በመኪና ነው። ለመራመድም መጀመሪያ መኪና መንዳት አለብህ። ቁልፍ የሌለው ሽማግሌ ሶፋ ነው። አቧራውን ያራግፉለታል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስተካክሉታል። አልሰጥም!

ማምሻ። ቁልፌ ጠፋ። ፈለግኩት። ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ኋላ ነው የደበቀችው። የወሎ ሰው ሥጋ ያለበትን ቦታ ሳይፈትሽ የሚያድር መስሏት። የቀዘቀዘ ቁልፍም መኪና ያስነሳል።

የልጅ ልጄ ሐያት ከዩኒቨርሲቲ ደወለች። እናቷ ነግራታለች። አያቴ አንተ ክሬዚ ነህ፣ ባቡሩን ካገኘህ ግን ፎቶ ላክ አለችኝ። ከዚህ ቤት ዘር አስተዋይዋ እሷ ብቻ ናት።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ቀትር

ወረድኩ። ቀጥ ያለው መስመር ጀልባ ማውረጃ ነው።

ሲሚንቶ! ጀልባ በመኪና ጎትተው ውሃ ውስጥ የሚያስገቡበት መንገድ። ውሃው ትቶት ሄዶ ደረቅ ሜዳ ላይ ተጋድሟል። ውሻ ይዛ የመጣች ሴትዮ ናት የነገረችኝ። እኔ እስክትመጣ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ቆሜ በረጅሙ ቢስሚላህ ብዬ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ለሐያት ልኬ ነበር። ሐያት በልብ ምልክት መለሰች። አላረምኳትም።

ሴትዮዋ ባቡር ነው የምፈልገው ስላት በጣም አዘነችልኝ። መንገድ የጠፋበት ሰው መሰልኳት። ሾፌር ነኝ አልጠፋም፣ የጠፋው ባቡሩ ነው አልኳት።

ግን ስማ። እዚያ ተዋርጄ ቁጭ ብዬ ቀና ስል ከላይ የማይታይ ነገር አየሁ። ወደ ቀኝ፣ አለቱ በሰው እጅ ተፈልጧል። ባቡር የሚያክል ክፍተት። ከክፍተቱ ቁልቁል በሰው እጅ የተደለደለ ለስላሳ አፈር ወደ ውሃው ይወርዳል። ወገቤ ዝም አለ። ወገቤ ዝም ካለ ባቡር ነው።

ብቻዬን ለመውረድ ድንጋዩ ልቅ ነው። ደፋር ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም። ሰው ያስፈልገኛል።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10። የዘይነባ የዕረፍት ቀን

ደብተር፣ ልጄ ሽማግሌ ላከችብኝ። በኔ ላይ! እኔ ስንት ሰው ያስታረቅኩ፣ ስንት ሙሽራ የለመንኩ።

ሦስት ናቸው። ሐጂ ሰይድ፣ የአገሬ ልጅ፣ እዚህ አብረን ታክሲ የነዳን፣ መስጊድ ጎን ለጎን የምንሰግድ። እንድሪስ፣ ጉልበቱን የሚያመው። ጋሽ ተፈራ፣ የአዲስ አበባ ሰው፣ በዲቪ መጥቶ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፤ እሱ የመጣው ንግግር እንዲያሳምር ነው። ነጭ ጋቢ ደርበዋል። ኤርኮንዲሽኑን በጋቢ!

ተቀመጡ አልኩ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንደ ወጉ።

እሺ፣ ወጉን እናክብር። እኔ ተቀመጥኩ። ሻይ ቀዳሁ፣ ለራሴ። ስኳር። ማማሰል። ተፈራ ስለ አባትና ልጅ ፍቅር ጀመረ። ስለ እርጅና ጸጋ ተናገረ። ስለ ሕይወት ምዕራፎች ተናገረ፤ ምዕራፎቹ ብዙ ናቸው። እንድሪስ ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል። ጉልበቱ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ሐጂ ሰይድ ገብቶታል፦ ይመር፣ አንተ ሸይጧን፣ እንድሪስን አስቀምጠው በአላህ አለኝ። እኔ ማን ነኝ ወግ የማፈርስ አልኩት።

ዘይነባ ኩሽና ሆና ሰሃን ትሰብር ይመስል ታጥባለች።

በመጨረሻ ቁልፉን ለልጅህ ስጥ አሉ። ሽማግሌ በአንድ ጊዜ እሺ እንደማይባል ታውቃላችሁ፣ ላስብበት፣ ቅዳሜ ተመለሱ አልኩ። አሁን ተቀመጡ። እንድሪስ ሶፋው ላይ የወደቀው አወዳደቅ! ሦስታችንም ሳቅን። እሱ ሰደበን።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ማምሻ

ተመለሱ። ዛሬ እንድሪስ ምርኩዝ ይዞ መጣ፣ ተዘጋጅቷል። ዘይነባ ሥራ ላይ ናት።

ጥያቄ አለኝ አልኩ። በድንበር የተጣላ ሰው ስታስታርቁ መሬቱን ሳትረግጡ ትፈርዳላችሁ? አንፈርድም አለ ሐጂ ሰይድ፣ ወጥመዱን ሳያይ። እንግዲያው ልጄ የምትከሰኝ በዚያ መንገድ ነው። በረሃ ነው፣ ገደል ነው፣ ያስሞታል ትላለች። እኔ ባቡር የሄደበት ነው፣ ሕፃን ይሄድበታል እላለሁ። መሬቱን ርገጡና ፍረዱ።

ተፈራ ምክንያታዊ ነው አለ። አስተማሪ ነው፣ ምክንያት ይወዳል። እንድሪስ ጉልበቴ አለ። ላዩ ሜዳ ነው አልኩት፣ ዕርቅ በጉልበት አይደለም በምላስ ነው። ማክሰኞ ተባባልን።

ከዚያ የማልረሳት ጥያቄ መጣች። በማን መኪና?

ሐጂ ሰይድ መኪናው ጋራዥ ነው። ተፈራን ልጁ ነው የሚያመላልሰው፣ ማክሰኞ ይሠራል። እንድሪስ ፈጣኑ መንገድ፣ ፍሪዌይ ላይ ከወጣ ሃያ ዓመቱ ነው፤ በጓሮ በጓሮ ነው የሚሄደው። እርስ በርስ ተያዩ። ጣሪያ አዩ። ምንጣፍ አዩ።

እኔ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። ድምፅ አሰማ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አነሳችኋለሁ አልኩ።

 መንዳት አትችልም ሊሉኝ የመጡ ሽማግሌዎችን እኔ ልነዳቸው ነው። ደብተር፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንዲህ አልተደሰትኩም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከአስር በኋላ

ደከመኝ። ግን ሁሉን እጽፋለሁ።

ሄድን። ሐጂ ሰይድ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ግሪን ቫሊ የሚባለውን ሰፈር እስክናልፍ ተፈራ ስለ ባቡር ታሪክ ነገረን። ከእንፋሎት ጀመረ። እንድሪስ ተኛ። በጥሩ ሁኔታ ነዳሁ፣ ይመዝገብልኝ።

ዋሻዎቹን ሲያዩ ቆሙ። ትልቅነታቸው ያስፈራል፤ ቤት ይዘህ ታልፍበታለህ። ሐጂ ሰይድ ይህን ሁሉ ለጥቂት ዓመት አለ። ለጥቂት ዓመት አልኩት። ጣራው ላይ የባቡሩ ጥላሸት አለ ብዬ አሳየሁት፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ነው አለ። ሊሆን ይችላል።

ዋርካ ስለሌለ ዋሻው ውስጥ ሸንጎ ተቀመጥን። ዙሁርን ዋሻው አፍ ላይ ሰገድን። ተፈራ ጫማችንን ጠበቀ። በዚህ በረሃ ማን ይሰርቀዋል ስለው፣ የምጠብቀው አንተን ነው፣ ቁልፍህን ጫማህ ውስጥ ነው የደበቅከው አለኝ። እውነቱን ነው። አስተማሪ ከኋላ ወንበር የሚሆነውን ያያል።

ከዚያ ቁልቁል። እንድሪስን ከላይ ጥላ ስር አስቀመጥነው፣ በምርኩዙ እንደ ጄኔራል ግራ ቀኝ እያለ ያዘናል። ሐጂ ሰይድ ክንዴን ያዘ፣ እኔ የተፈራን ቀበቶ ያዝኩ። ሦስት ሽማግሌ፣ እንደ ተሳቢ ተቀጣጥለን። ልቅ ድንጋይ። ከዚያ ነጩ ቀለበት፣ እንደ ጨው የሚፈረካከስ። ከዚያ ያ የተፈለጠ አለት። ገባን።

እዚያ ነበሩ።

ከሐዲድ ሥር የሚጋደሙት እንጨቶች። ጥቁር ጭቃ የለበሱ፣ የተሰነጣጠቁ፣ ግን በቦታቸው፣ እንደ መሰላል እኩል እኩል ተራርቀው። ሐዲዱ የለም። እንጨቱ አለ። አንዱን በጫማዬ ነካሁት፤ ጠንካራ ነው። የዛገ ትልቅ ሚስማር እንደተመታ ቆሟል። አንድ ሰው እዚህ ቆሞ፣ በዚህ ሙቀት፣ መዶሻ አንስቶ መትቶታል። ሐይቅ ሙሉ ውሃ ላዩ ላይ ተኝቶበት ኖሯል። ሚስማሩ ግን አልተነቀለም።

ተፈራ ንግግር ጠፋው። ይህም ይመዝገብ።

ሐጂ ሰይድ ሱብሃነላህ አለ። ትንሽ ቆይቶ ኪሴን ፈተሸኝ። የመንግሥት ፓርክ ነው፣ ሚስማር እንዳልወስድ። አልወሰድኩም! አስቤ ነበር።

እንጨቶቹ ቁልቁል ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። መጨረሻው አልታየም። አላለቀም። ሐይቁ ሲሸሽ ይወጣል፣ እኔም እከተለዋለሁ። ቆመን አየነው። ከላይ እንድሪስ ምንድን ነው፣ ምን አገኛችሁ፣ ሞታችኋል ወይ ይላል።

ስንመለስ ሁሉም እንደ ልጅ ያወራል። ሽማግሌ መሆናቸውን ረስተዋል። እኔም።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለህ ያዝ።

ቦ.ሲ. ውስጥ፣ ከፓርኩ አጠገብ። የስቶፕ ምልክት አለ። አላየሁትም። አለፍኩት። ከቀኝ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይመጣ ነበር፤ እሱ ራሱ ቆመልኝ። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ አየኝ። አልጮኸም። በዓይኑ ብቻ።

 ተፈራ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። እንድሪስ ከኋላ እንደሚሞት ሰው በሹክሹክታ ሸሃዳ ያዘ። የሐጂ ሰይድ ቀኝ እግር ግን፣ ከጎኔ፣ ምንጣፉን እንደ ፍሬን ረግጦ ነበር። እስከ መጨረሻው። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ።

ያን እግር አየሁት። ቤት እስክንደርስ ሌላ ነገር አላየሁም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ጠዋት

ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፣ ፍርድ ሊሰጡ። ዘይነባ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆማ ሰማች።

ተፈራ አሳመረው። መንገዱን ረግጠናል፣ ሜዳ ነው፣ ሰው የሚበዛበት ነው። አባትሽ ከኛ ከሦስታችን ይሻላል። እንድሪስ አዎ አለ። ሐጂ ሰይድም አዎ አለ፣ ወደ ጋቢው ጥለት እያየ።

ውለው ገብተው፣ ጨዉን የቀመሱትን ሰው መንዳት አትችልም እንዴት ይበሉት? ይሉኝታ ይዟቸዋል። በኔ መኪና ሄደው፣ በኔ ባቡር ተደስተው። ወጥመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰርቷል። በጣም ሰርቷል።

 ዘይነባ ቦርሳዋን ከፍታ ሁለተኛውን ቁልፍ አወጣች። ከኔ ተደብቃ ያስቀረጸችው ነው ለካ። በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣ ጎንበስ ብላ። አጥፍቼ ከሆነ አውፍ በለኝ አባዬ አለች። አንተ ነው ያለችኝ።

አሸነፍኩ። ቁልፉ ከብዶኝ ኪሴን ጎተተው።


አርብ፣ ጥቅምት 21። ከጁምዓ መልስ

ጫማ ስናደርግ ሐጂ ሰይድን ያዝኩት። እግርህ ምን ሆኖ ነው ማክሰኞ ዕለት አልኩት። ደንዝዞኝ ነው አለ። ቀኙ ብቻ? ቀኙ ብቻ። ልክ ስቶፑ ጋ? የጫማ መደርደሪያውን አጥብቆ አየ።

ይመር፣ ቁልፍህን ከምቀማህ ሰባት ጊዜ ስቶፕ ብታልፍ ይሻለኛል፣ እንሂድ ምሳ አብላኝ አለ።

አበላሁት። ግን ስማ ደብተር። ከባቲ ወደ ሚሌ ስንወርድ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ፣ ረዳቴ እግሩን እንዲያ ያደርግ ነበር። ለወጣት ሾፌሮች የምነግራቸው እኔው ነበርኩ፦ ረዳትህ ፍሬን ከያዘ አንተ ዘግይተሃል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አልሄድኩም። ነፋስ አለ።

(ነፋስ የለም።)

መኪናዬ ከመስኮቱ ይታያል። ቁልፉ በእጄ ነው። ከልካይ የለኝም። እንግዲህ ሂዳ፣ አንበሳው!

ሻይ ጠጣሁ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሶፋው ወንድሜ ሆነ።

የለም። አልሆንም። ሁለት ነገር ነው ያለው። አንዱ፣ እንደ ሌባ ዝም ብዬ መንዳት፣ አንድ ቀን ብስክሌተኛው ባይቆምልኝስ። ሌላው፣ አርጅቻለሁ ብዬ ቤት መዋል። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። እንጨቶቹ ውሃው ውስጥ ገቡ እንጂ አላለቁም። ሦስተኛ መንገድ ካለ አገኘዋለሁ። የጠፋ መንገድ ማግኘት ለምጃለሁ።

ማምሻ። አገኘሁት! ሐጂ ሰይድ ዘንድ ደወልኩ። ሽማግሌ ልልክ ነው አልኩት። ወደ ማን አለ። ወደ ዘይነባ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 24። የዘይነባ የዕረፍት ቀን

ሦስቱ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ባለፈው ሐሙስ ካንቺ አባት የሚሻል ሾፌር የለም ብለን፣ ዛሬ አንቺ ንጂው ልንል ነው? በየትኛው አፋችን? አለ ተፈራ። በሁለተኛው አልኩት፣ ተናጋሪ ሰው አይቸግረውም።

መጡ። ጋቢ። ምርኩዝ። እኔ መኝታ ቤቴ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

ተቀመጡ አለች። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ዘይነባ እሺ አለችና ተቀመጠች። ሻይ ቀዳች፣ ለራሷ። ስኳር። ማማሰል። ያ አላህ፣ ልጄ! ትራሱን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ሳቅኩ። የእንድሪስ ጉልበት ከመኝታ ቤት ይሰማኛል።

ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ሰኞ ሰኞ አባትሽን ወደ ሐይቁ አንቺ ውሰጂው፣ ባቡሩ ጋ።

ለምን? አለች። በደንብ ይነዳል አላላችሁም?

 ተፈራ ጋቢውን አስተካከለ።

እውነቱን ንገሩኝ፣ ምን አያችሁ አለች። ድምጿ ወረደ። አሁን ሳቄ አቆመ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ምንጣፌን እያዩ ለኔ ሲሉ ሊያፍሩ ነው። ይህን ደግሞ አልችልም።

ወጣሁ። ስቶፕ አልፌያለሁ አልኳት። ብስክሌት ያለበት። እነዚህ ያዩትን ደበቁ፣ ለኔ ብለው ነው። አትቆጪያቸው፤ ውሸታም ሽማግሌ መርጠሽ የላክሽው አንቺ ነሽ።

ትጮሃለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ሻይዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ለረጅም ጊዜ። ለምን ነገርከኝ፣ ፍርዱ ላንተ ነበር አለችኝ።

መጨረሻውን ማየት ስለምፈልግ አልኳት። ሞቼ አላየውም፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ ስልክሽ ተንቀጥቅጦም አላየውም። ቁልፌን ግን ማንም አይወስድብኝም። ቁልፉ የኔ፣ መሪው ያንቺ። ሰኞ ሰኞ ከኪሴ አወጣልሻለሁ፣ ትመልሽልኛለሽ።

አሰበች። ዓይኗን ጠረገች፣ በዩኒፎርም ሳይሆን በቤት ቀሚሷ እጅጌ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ሽማግሌ በአንድ ጊዜ እሺ አይባልም፣ ሐሙስ ተመለሱ አለቻቸው።

እንድሪስ፦ የአባቷ ልጅ!


ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ተመለሱ። እሺ አለች። በሦስት ቅድመ ሁኔታ። ውሃ ይዘን እንድንሄድ። ስልኬን ቻርጅ እንዳደርግ። ስትነዳ እንዳላስተምራት።

ሁለቱን ተቀበልኩ።

ሦስተኛውን ለማስማማት ሐጂ ሰይድ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ለመነኝ፣ በዚህ ጊዜ ግን ቁጭ ብሎ። በመጨረሻ አፌን እይዛለሁ አልኩ። አፌን። ሌላ አካሌን በተመለከተ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ቃል አልገባሁም።


ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ፔርሙስ ሞልቷል። ቴምር። መነጽር። ቁልፉን በሩ ላይ ሰጠኋት፤ ዘርግታ እስክትጠይቀኝ ጠብቄ። እሺ አባዬ እባክህ ቁልፉን ስጠኝ አለች፣ ዓይኗን እያንከባለለች። በሁለት እጄ ሰጠኋት።

ሐይቁ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን ያህል እንደሸሸ አላውቅም። ምናልባት አንድ እንጨት ብቻ ነው የወጣው። አንድም ይበቃኛል። ለሚቀጥለው ሰኞ ሌላ አለ። ሥራህን ጨርሰሃል የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ያንን ሚስማር ይንቀል።

ዘይነባ እንጨቶቹን አላየችም። እዚያ ስትደርስ ፊቷን ማየት ነው የምፈልገው። ከባቡሩም በላይ። ይህን ግን እንዳትነግራት።

አንተን ይዤህ አልሄድም፣ ውሃ ሊነካህ ይችላል። እዚህ ጠብቀኝ፣ ፍሪዘር ውስጥ አልደብቅህም።

ከፊት ነው የምቀመጠው። ቀኝ እግሬን ከአሁኑ እያሟሟቅኩት ነው። ስቶፑ ጋ ስንደርስ እናያለን፣ የማን እግር ቀድሞ

ዘይነባ ከመኪናው ጥሩምባ ነፋች። ትንፋ። ገና ጫማዬን